የውሃ መሳቢያ ሞቶር በክረምት እንዴት እንደሚጠበቅ

በፎገራ ሜዳና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች በበጋ ወራት በትንሽ የቤንዚን ሞቶር ውሃ እየሳቡ ማሳቸውን ያጠጣሉ። ክረምት በገባ ጊዜ ግን ሞቶሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ ሥራ ይቀመጣል። ከዚያም በኋላ ችግኙ ውሃ በተጠማበት ሰዓት ገመዱ ቢሳብ፥ ሞቶሩ አልነሣም ብሎ እምቢ ይላል። ባለቤቱም «ሳልሠራበት እንዴት ተበላሸ?» እያለ ይደነቃል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው በውስጡ የቀረው ቤንዚን ነው።

ካርቡሬተር የሚባለው ክፍል ቤንዚንን ከአየር ጋራ እየቀላቀለ ወደ ሲሊንደር ይሰዳል። ቤንዚኑ ከታች ካለችው ትንሽ ጽዋ ተነሥቶ፥ መካኒኮች ጂግለር በሚሏት እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ያልፋል። ቤንዚን በቆየ ጊዜ ቀላሉ ክፍል ተኖ ይሄዳል፤ የቀረውም ከአየር ጋራ ተዋሕዶ እንደ ሙጫ ይወፍርና ቀዳዳዪቱን ይደፍናል። ኤታኖል የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ደግሞ እርጥበትን እየሳበ ብረቱን ያዝጋል። ስለዚህ ሞቶር ከ1 ወር በላይ የሚቀመጥ ሲሆን ቤንዚኑን ማውጣት ይገባል፤ አሠራሩም እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ በመጨረሻው የማጠጫ ቀን፥ ቱቦው ከውሃ ውስጥ ሳለ፥ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቶ ሞቶሩ በራሱ እስኪጠፋ ማሠራት ነው። ጢሱ ሰው ይገድላልና ይህ በቤት ውስጥ አይደረግም።

ሁለተኛ፤ ሞቶሩ ከበረደ በኋላ በካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ቡሎን ፈትቶ የቀረውን ማፍሰስ፥ የማጠራቀሚያውንም ቤንዚን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ መገልበጥ ነው። በዚህ ጊዜ እሳትና ኩራዝ ይራቅ፤ ቤንዚንም በአፍ አይሳብ። የወጣው ቤንዚን በኩራዝ ቢጨመር ቤት ያቃጥላል፤ በመጠጥ ጠርሙስ ቢቀመጥም ልጆችን ይመርዛል፤ በወንዝም አይፈስም።

ሦስተኛ፤ ካንዴላውን ፈትቶ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞቶር ዘይት በቀዳዳው ማፍሰስ፥ ገመዱንም ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ስቦ ካንዴላውን መመለስ ነው። ዘይቱ ውስጡን ከዝገት ይጠብቃል።

አራተኛ፤ በመሳቢያው ውስጥ የቀረውን ውሃ አፍስሶ፥ ሞቶሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ ነው።

ቀዳዳዪቱ አስቀድማ የተደፈነች እንደ ሆነ፥ ሽቦ አግብቶ መጎርጎር ትልቅ ስሕተት ነው፤ በልክ የተሠራች ስለ ሆነች ትሰፋለች፤ ከዚያም ወዲያ ሞቶሩ ቤንዚን ያባክናል። በንጹሕ ቤንዚን አጥቦ በነፋስ መንፊያ መንፋት ይሻላል።

እንግዲህ መምህራን ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ይህንን ለተማሪዎች በእጅ ሥራ ያሳዩ፤ ሽማግሎችም ለጎረቤት ይንገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ በሰኔ የሚደረገው ጥቂት ድካም የበጋውን ሰብል ከመድረቅ ያድናል።