ከባቄላ እስከ ቤቲንግ፦ ዶፓሚን በእርግጥ ምን ይሠራል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው 250 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ባኮን ያገኛታል። ባኮ ስሟ የሚነሳው በበቆሎ ነው። ቢኤች 660፣ ቢኤች 540፣ ቢኤች 661 እየተባሉ በገበሬው እጅ የገቡት ድቅል ዝርያዎች የዚያ የምርምር ማዕከል ሥራዎች ናቸው። በማዕከሉ ማሳ ላይ ከበቆሎው ጎን ብዙም ያልተወራለት ሌላ ተክልም ሲጠና ኖሯል፤ ሙኩና ይባላል። ሐረግ ነው፣ ዘሩ ባቄላ ይመስላል፤ የተሟጠጠ መሬት እንዲያገግም፣ ለከብትም መኖ እንዲሆን ታስቦ ነው የተሞከረው። ወደ ደጋው ወጣ ሲባል፣ በጀልዱና በደንዲ በኩል፣ ሁላችንም የምናውቀው ባቄላ በሰፊው ይዘራል። እነዚህ ሁለት ተክሎች ኤል-ዶፓ የሚባል ንጥረ ነገር በውስጣቸው አለ። በሙኩና ፍሬ ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ አራት እስከ ስድስት እጅ ይደርሳል፤ በባቄላ ደግሞ እሸቱና ለጋ ቆባው ላይ ይበዛና ፍሬው እየደረቀ ሲሄድ ይቀንሳል። አንጎላችን ዶፓሚንን የሚሠራው ከዚሁ ከኤል-ዶፓ ነው።

ኤል-ዶፓን ከባቄላ አንጥሮ ያወጣው ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሮሽ የመድኃኒት ኩባንያ ይሠራ የነበረ ኬሚስት ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1913። ሰውየው ያገኘው ዱቄት ምን እንደሚያደርግ ለማየት 2.5 ግራም ራሱ ዋጠና ክፉኛ አስመለሰው። ነገሩ የማይረባ ተደርጎ ለአሥርት ዓመታት ተተወ። ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው «ዶፓሚን ማለት የደስታ ቅመም ነው» ሲባል ለሚሰማ ሰው ይህ ታሪክ ሊቆረቁረው ይገባል። ነገሩ ያ ቢሆን ኖሮ የእሸት ወቅት በደጋው ሁሉ የፈንጠዝያ ወቅት በሆነ ነበር። እርግጥ ባቄላ የማያስፈነድቅበት አንድ ቀላል ምክንያት አለ። ከምንበላው ኤል-ዶፓ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ ገና በአንጀትና በጉበት ወደ ዶፓሚን ይለወጣል፤ ዶፓሚን ደግሞ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም። በደም ውስጥ የቀረው ዶፓሚን የማስመለስ ስሜትን ይቀሰቅሳል፤ ጉገንሃይምን ያገኘው ይኸው ነው። ቢሆንም ዶፓሚኑ አንጎል ውስጥ ገብቶም ቢሆን ሥራው ደስታ ማፍለቅ አይደለም። ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ የሰባ ዓመት ምርመራ ነገሩን ወደዚያው ሲገፋው ኖሯል።

በመጀመሪያ አድራሻውን እንወቅ። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ በመሃል አንጎል ተሰብስበው ዶፓሚን የሚሠሩት አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም። ጥቂት ይሁኑ እንጂ ክሮቻቸው ሩቅ ይዘረጋሉ። አንደኛው ቡድን ሰውነት እንቅስቃሴ እንዲጀምር ያደርጋል፤ ጎረቤቱ የሆነው ሌላው ቡድን የሽልማት ሥርዓት ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ይዘልቃል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 በመድኃኒት ፈዝዘው የተኙ ጥንቸሎችን ኤል-ዶፓ ወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያነቃቸው ዶፓሚን በራሱ የቆመ የአንጎል መልእክተኛ መሆኑ ታወቀ፤ በ2000ም የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። በ1960 ደግሞ ቪየና ውስጥ ኦሌ ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ ተሟጦ አገኘው። በዓመቱ ለሕሙማን ኤል-ዶፓ በመርፌ ሲሰጥ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ሰዎች ተራመዱ። ልብ እንበል፤ ሕሙማኑ የጎደላቸው መነሳት፣ መጀመር፣ መንቀሳቀስ ነበር። የተመለሰላቸውም እሱው ነው።

ታዲያ ደስታ የሚለው ስም ከየት መጣ? ምንጩ ሌላ ቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር አይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡ፤ አይጧ መጫኛውን በነካች ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲደርሳት አደረጉ። ሽቦው አንዳንድ ቦታዎች ላይ ሲያርፍ አይጦቹ በሰዓት ከሺህ ጊዜ በላይ መጫኛውን ይመቱ ጀመር። ኦልድስ ቦታዎቹን የደስታ ማዕከል አላቸው። ቆይቶ የዶፓሚን መስመር በዚያው እንደሚያልፍ ሲታወቅ ሮይ ዋይዝ የተባለ ተመራማሪ «ዶፓሚን ከተዘጋ ደስታም ይዘጋል» የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ጋዜጣ ገባ። ዋይዝ ራሱ በኋላ ከዚህ አቋሙ ሸሸ፤ ጋዜጦቹ ግን እስካሁን አልሸሹም። መጫኛ ደጋግሞ መምታት መፈለግን ያሳያል። መርካትን ለማሳየት ግን አይበቃም፤ እከክ የሚያክ ሰውም እጁን አያቆምም።

መፈለግንና መርካትን ለያይቶ ለማየት አንድ ብልሃት ያስፈልግ ነበር፤ ያገኙትም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረባው ቴሪ ሮቢንሰን ናቸው። ብልሃቱ የአይጥን ፊት ማየት ነው። ጨቅላ ሕፃን ስኳር ሲቀምስ ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ይልሳል፤ መራራ ሲቀምስ አፉን ከፍቶ ይንገፈገፋል። አይጥም እንዲሁ ያደርጋል። ቤሪጅ የዶፓሚን ሕዋሳታቸው ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የጠፋባቸውን አይጦች ወሰደ። እነዚህ አይጦች ምግብ አፍንጫቸው ሥር ቢቀመጥ እንኳ አይበሉም፤ በቱቦ ካልተመገቡ በረሃብ ይሞታሉ። ነገር ግን ጣፋጭ ውሃ አፋቸው ውስጥ ጠብ ሲደረግላቸው እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ላሱ። ጣዕሙ አለ፣ እርካታው አለ፤ ወደ ምግቡ የሚያስኬዳቸው ነገር ነው የሌለው። በተቃራኒው ዶፓሚናቸው ከመጠን በላይ እንዲሆን የተደረጉ አይጦች ወደ ጣፋጩ ከሌሎቹ ፈጥነው ይሮጣሉ፤ ሲቀምሱት ግን ከንፈር የሚልሱት ከሌሎቹ በልጠው አይደለም።

የዚህ ንጥረ ነገር ሁለተኛ ሥራ ይበልጥ ይደንቃል። ቮልፍራም ሹልትዝ ስዊዘርላንድ ውስጥ የጦጣዎችን የዶፓሚን ሕዋሳት አንድ በአንድ እያዳመጠ ጭማቂ ያጠጣቸው ነበር። ጭማቂው ሳይታሰብ ጠብ ሲል ሕዋሳቱ ይንጫጫሉ። መብራት በርቶ ጥቂት ቆይቶ ጭማቂ የሚመጣ ከሆነ፣ ጦጣዋ ይህን ከተማረች በኋላ ሕዋሳቱ የሚንጫጩት መብራቱ ሲበራ ይሆናል፤ ጭማቂው ራሱ ሲደርስ ዝም ይላሉ። መብራት በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ልክ በሚጠበቅበት ቅጽበት ሕዋሳቱ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። በ1997 በታተመ ጽሑፍ ሹልትዝና ሁለት ባልደረቦቹ ይህ በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ሒሳብ ነው አሉ። አንድ የባኮ ገበሬ ከአዲስ ዘር በሄክታር 50 ኩንታል ጠብቆ 50 ካገኘ ስለ ዘሩ ያለው ግምት አይለወጥም፤ 65 ቢያገኝ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ዘር ፍለጋ በጠዋት ይሰለፋል፤ 30 ቢያገኝ ፊቱን ያዞርበታል። 65ቱም 30ውም የሚያስተምሩት ከተጠበቀው ስለራቁ ነው። ሕዋሳቱም የሚቆጥሩት ይህንኑ ርቀት ነው። ጤነኛ አንጎል ውስጥ ይህ ሒሳብ መልካም አስተማሪ ነው፤ ያለ እሱ የትኛው መንገድ ውሃ እንዳለው፣ የትኛው ሰው ቃሉን እንደሚጠብቅ አንማርም ነበር።

ይኸው አስተማሪ ግን ሊታለል ይችላል። በትልልቅም በትንንሽም ከተሞች የተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች፣ አሁን ደግሞ በየስልኩ የገቡት ቤቲንጎች፣ የሚኖሩት በዚህ ነው። ሹልትዝና ባልደረቦቹ በ2003 እንዳሳዩት፣ ሽልማቱ የመምጣትና የመቅረት ዕድሉ እኩል ሲሆን የዶፓሚን ሕዋሳት በመጠባበቂያው ጊዜ ሁሉ እየጋሉ ይሄዳሉ፤ እርግጠኛ ነገር ላይ ይህ አይታይም። የአሥር ጨዋታ ቲኬት ቆርጦ ዘጠኙ ገብቶለት በአንዷ የተበላ ወጣት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። ካምብሪጅ ውስጥ ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ለጥቂት ያመለጠ ሽልማት ተሳታፊዎቹን ከተራ ሽንፈት ይልቅ አናደዳቸው፤ ግን እንደገና የመጫወት ፍላጎታቸውን ጨመረው፤ የአንጎላቸውንም የሽልማት ክፍል ቀሰቀሰው። (ምርመራው የለካው የደም ፍሰትን እንጂ ዶፓሚንን በቀጥታ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።) አናዶ የሚያስመኝ ነገር ደስታ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ተወራራጁን «ደስታ ወዳድ» ብለው የሚገስጹ ሰዎች በሽታውን ስተዋል። ከውርርድ ቤቱ ደጃፍ የቆመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደስ ብሎት አይደለም የቆመው።

ተቃውሞው ከጫት በኩል ይመጣል። የጫት ዋና አንቀሳቃሽ የሆነው ካቲኖን ከነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን ያስወጣል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥም ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ይጓጓዛል። የጫነው አይሱዙ ለምን እንደዚያ እንደሚበር ኬሚስትሪው ይነግረናል። «እንግዲህ ካቲኖን ዶፓሚን ካስወጣ፣ ቃሚውም ምርቃና ውስጥ ከገባ፣ ዶፓሚን ደስታ አይደለም እንዴት ትላለህ?» የሚል ሰው አግባብ ያለው ጥያቄ ጠይቋል። መልሴ ሁለት ነው። ካቲኖን ከዶፓሚን ሌላ ኖርአድሬናሊንንም ያስወጣል፤ ስለዚህ ምርቃናውን ለአንዱ ብቻ መስጠት ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ ግን የረጅም ጊዜ ቃሚን ማየት ይበቃል። ሐራራው ከዓመት ዓመት ሲበረታ ምርቃናው አብሮት አይጨምርም፤ እንዲያውም ይሳሳል። ሁለቱ አንድ ነገር ቢሆኑ አብረው ይወጡ አብረው ይወርዱ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከሙዚቃ የመጣው ነው። በ2019 በባርሴሎና ተመራማሪዎች መሪነት በታተመ ጥናት 27 ሰዎች ሙዚቃ ሰሙ፤ ኤል-ዶፓ ሲወስዱ ደስታቸው ጨመረ፣ ዶፓሚንን የሚከለክል መድኃኒት ሲወስዱ ቀነሰ። ይህን ማስረጃ አላጣጥለውም። የዶፓሚን ድርሻ ከደስታ ፈጽሞ የተቆረጠ ነው ማለት ከሚገባው በላይ መሄድ ነው። ሆኖም ሙዚቃ ከስኳር ይለያል፤ ደስታው የተሠራው ከመጠበቅ ነው፤ ቀጣዩ ምት መቼ ይወድቃል፣ ዜማው ወዴት ይመለሳል እያልን ነው የምንሰማው። መጠበቅ በበዛበት ደስታ ውስጥ የመጠበቅ መልእክተኛ ድርሻ ቢኖረው አያስገርምም። ስለ «ዶፓሚን ጾም» የሚሰብኩ ቪዲዮዎች ግን ብዙ ቃል አያሻቸውም። ስልክን ለአንድ ቀን ማስቀመጥ ለዓይንም ለእንቅልፍም ይጠቅም ይሆናል፤ ዶፓሚን ግን በጾም የሚጸዳ ቆሻሻ አይደለም። በእርግጥ የጎደለበት ሰው ኩባያ ለማንሳት ይቸገራል።

ለመፈለግና ለመርካት መለያየት ከሁሉ ጠንካራውን ማስረጃ የሰጡት እነዚሁ የፓርኪንሰን ሕሙማን ናቸው። የዶፓሚንን ሥራ ተክተው የሚሠሩ እንደ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ያሉ መድኃኒቶች አሉ። በ2010 በአሜሪካና በካናዳ 3,090 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ታትሞ ነበር። እነዚህን መድኃኒቶች ከሚወስዱት ውስጥ ከመቶ 17 ያህሉ፣ ከማይወስዱት ደግሞ ከመቶ 7 ያህሉ ራሳቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሆነው ተገኙ። ቁማር፣ ያለ ልክ መግዛት፣ ያለ ልክ መብላት፣ የወሲብ ፍላጎት ማየል ነበር ችግራቸው። ከነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጥብ የነበሩ አባቶችና እናቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲለወጥ ይረግባል። ስለዚህ በቤታችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃው ያጠረ፣ ፊቱ የደረቀ አባት ወይም እናት ካላችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ነርቭ ሐኪም ውሰዱት። በመድኃኒት ላይ ያለ ካለም ከሰሞኑ የውርርድ ወይም የግዢ አመል እንዳልመጣበት አይታችሁ ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩ። መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያውቅ በድንገት አታቋርጡበት፤ ለሕይወት ያሰጋል።