አሥር ላይ የቆመው ቁጥር

ጉለሌ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠናል። ቶር የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቷል፤ የግንኙነቱ ቁጥር 5 በመቶ፣ 10 በመቶ አለና ቀጥ አለ። «ዘግተውታል!» አለኝ ተናዶ። ቁጥሩንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ነገርኩት። «አልሠራም» ማለት የሕመምተኛ እሮሮ ነው፤ ምርመራ የሚጀምረው የት ላይ እንደቆመ ሲታወቅ ነው።

ቶር የተጠቃሚውን ማንነት የሚሸሽግ መረብ ነው። መልእክቱ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ተጠቅልሎ ሦስት ኮምፒውተሮችን ያቋርጣል። የመጀመሪያው ላኪውን እንጂ መድረሻውን አያውቅም፤ የመጨረሻው ደግሞ መድረሻውን እንጂ ላኪውን አያውቅም።

ቁጥሩ 5 ላይ ከቀረ ላፕቶፑ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር በር ቢያንኳኳም የሚከፍትለት አላገኘም። አድራሻው ወይም ፖርቱ ታግዷል፤ አለዚያም ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፍቷል። 10 ወይም 14 ላይ ሲቆም ነገሩ ሌላ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ የተቋረጠው ምስጢራዊው ንግግር ከመጀመሩ በፊት በሚለዋወጡት ሰላምታ ላይ ነው። ይሄኔ መሀል መንገድ ላይ ሰላምታውን የሚያዳምጥ መሣሪያ መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

በአገራችን የሆነውም ይኸው ነበር። ግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር ከኢትዮጵያ አልገናኝ አለ። የቶር ፕሮጀክት ባለሙያዎች ልውውጡን ፓኬት በሚባሉት ቁርጥራጮቹ አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ የፓኬቱን ውስጥ የሚፈትሽ መሣሪያ ቶርን ከሌላው እየለየ እንደሚቆርጠው ደረሱበት። ምልክቱን ያገኘው ከወዲያኛው ጫፍ በሚመጣው የመጀመሪያ መልስ፣ ባለሙያዎቹ «ሰርቨር ሄሎ» በሚሉት ውስጥ ነበር። የት ላይ እንደሚቆረጥ በመታወቁ መፍትሔው አልዘገየም፦ መልሳቸው በጥቂቱ የተለወጠ ብሪጆች፣ ማለትም ወደ ቶር የሚያስገቡ ልዩ ኮምፒውተሮች፣ ተዘጋጁ፤ የልውውጡን መልክ ጨርሶ የሚቀይረው ኦብፍስፕሮክሲ የተባለ ፕሮግራምም አማራጭ ሆነ።

ሰውን ከመክሰስ በፊት ግን የኮምፒውተሩን ቀን ማየት ነው። ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያኔ ከወዲያኛው ጫፍ በሰላምታው የሚቀርብለት የዛሬው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ገና ያልተወለደ መስሎ ይታየውና ሰላምታውን አልቀበልም ይላል። ማንም ሳያግደው ራሱን አገደ ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ቀኑ ትክክል ነበር። ስለዚህ ዋይፋዩን አጥፍቶ በስልኩ ዳታ ሞከረ። መስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት የሞባይል ኦፕሬተሮችን ማነጻጸር ይቻላል፤ በአንዱ እየቆመ በሌላው ካለፈ ጥርጣሬው ወደ ኦፕሬተሩ ይዞራል። እኛ በሁለቱም ሞከርን፤ በሁለቱም ያለ ችግር 100 ደረሰ። ወደ ኮሌጁ ዋይፋይ ስንመለስ እንደገና 10 ላይ ቆመ። አጥሩ የግቢው ነበር።

ግቢ አጥር ማበጀቱ አያስወቅስም፤ መስመሩ ጠባብ ነው፣ በስሙ ለሚሠራውም ነገር ተጠያቂ ነው። የሚያስከፋኝ ዝምታው ነው። ተማሪው የገዛ ላፕቶፑ የተበላሸ መስሎት ቀኑን ሙሉ ይደክማል። የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ አይሲቲ ክፍል ሄዶ ጠየቀ፤ ፋየርዎሉ እንደሚቆርጠው ነገሩት። ሌሎቻችሁም ቁጥሩን ጽፋችሁ ጠይቁ። ኮሌጆቻችንም የዘጉትን ነገር ዝርዝር በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጥፉልን።