የልጅነት ቪዲዮ ጌሞች ዛሬም ያዝናናሉ? በምንስ ይመዘናሉ?

ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ቮስሎሩስ፣ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች እንዲሰፍሩባት በ1960ዎቹ የተቆረቆረች ናት። እንደ እሷ ባሉ የደቡብ አፍሪካ ሰፈሮች በ1990ዎቹ ያደጉ በርካቶች ቪዲዮ ጌም ሲባል የሚያስታውሱት የጃፓኑን ኒንተንዶ ሳይሆን 'ጎልደን ቻይና' የተሰኘውን መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ኒንተንዶ በ1983 ለገበያ ያቀረበው ፋሚኮም ርካሽ ቅጂ ነበር። ያለ ፈቃድ የተሠራ ቢሆንም፣ እንደ ሱፐር ማሪዮ እና ኮንትራ ያሉ ጨዋታዎችን ዋናውን መግዛት ለማይችሉ ቤተሰቦች አድርሷል።

እነዚያ ልጆች ዛሬ ወላጆች ሆነዋል። የድሮዎቹን ጨዋታዎችም በስልክና በኮምፒውተር መልሰው መጫወት ይችላሉ። ታዲያ የሚያስደስታቸው ጨዋታው ነው ወይስ ትዝታው?

ትዝታና ጨዋታ ሲለያዩ

አንደኛው መመዘኛ ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ጨዋታው ምን ያህል በፍጥነትና በትክክል ይታዘዛል የሚለው ነው። ሁለተኛው ፍትሐዊነት ነው፤ ተጫዋቹ ሲሸነፍ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን መረዳት አለበት።

በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 40 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ቢይዝም ሁለቱንም ያሟላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ያለ አንዳች ጽሑፍ፣ መዝለልንና ጠላትን መርገጥን በተግባር ያስተምራል።

በሌላ በኩል የዚያ ዘመን አንዳንድ ጨዋታዎች አስቸጋሪ የሆኑት ይዘታቸው አጭር ስለነበረ ነው። ተጫዋቹ ደጋግሞ ካልተሸነፈ በቶሎ ይጨርሳቸው ነበር። በልጅነት እንደ ጀግንነት የታየው ትግል ዛሬ አሰልቺ ሊሆን ይችላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ሦስት አውታር ጨዋታዎችም ብዙዎቹ በቶሎ አርጅተዋል። ያኔ ያስደነቀው ምስላቸው ዛሬ ሻካራ ሆኖ ይታያል፤ የእይታ አቅጣጫቸውን መቆጣጠርም ያስቸግራል።

መሣሪያው ሲቀየር

ፍርዱ የሚጫወቱበትን መሣሪያም ከግምት ማስገባት ይኖርበታል። የ1984ቱ 'ዳክ ሃንት' በጠመንጃ ቅርጽ በተሠራ መቆጣጠሪያ የሚጫወቱት ሲሆን፣ ጠመንጃው የሚሠራው ከኋላ ጉብ ባለው የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው። በአሁኑ ስስ ስክሪን ላይ ተኩሶ መምታት አይቻልም፤ ያረጀው ግን ጨዋታው ሳይሆን አብሮት የነበረው ቴሌቪዥን ነው።

በተጨማሪም የጃፓንና የአሜሪካ ጨዋታዎች በሰከንድ 60 ምስል እንዲያሳዩ የተሠሩ ሲሆን፣ ደቡብ አፍሪካ የምትጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት 50 ብቻ ያሳያል። በዚህም ሳቢያ ማስተካከያ ያልተደረገላቸው ጨዋታዎች 17 በመቶ ገደማ ይዘገዩ ነበር። በዝግታው ያደገ ሰው ዛሬ በሙሉ ፍጥነት ሲጫወት 'ጨዋታው ከበደኝ' ቢል አያስገርምም።

ለመመዘንም መገኘት አለባቸው

መቀመጫውን አሜሪካ ያደረገው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአገሪቱ ከ2010 በፊት ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶ የሚሆኑት አሁን በገበያ ላይ አይገኙም። ያለ ፈቃድ የተባዙት፣ እንደ ጎልደን ቻይና ያሉት ደግሞ፣ አምራቾች በሚያሳትሙት ታሪክ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሆኖም ለብዙ አፍሪካውያን ልጆች ወደ ቪዲዮ ጌም ዓለም የገቡባቸው በሮች እነሱ ነበሩ።

ጨዋታው ዘመን መሻገሩን ለማረጋገጥ ምናልባት ቀላሉ መንገድ፣ መቆጣጠሪያውን ምንም ትዝታ ለሌለው ልጅ መስጠት ነው። ተሸንፎ 'አንዴ ልድገመው' ካለ፣ ጨዋታው አላረጀም።