ጀርመንኛን ያቆየው የባልቲሞር ቤተ ክርስቲያን

ባልቲሞር መሀል ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙ ጽዮን ነው። እኔ ይህን ስም ስሰማ ቶሎ የሚታየኝ አክሱም ነው። ይህኛው ግን ጀርመኖች የመሠረቱት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው። ታሪኩ የሳበኝ በቋንቋው ምክንያት ነው፤ ከቤታችሁ ውጭ አማርኛ ለማትሰሙ ልጆች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ምእመናኑ የተሰባሰቡት በ1755 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረች። ሕንፃው በ1808 ተመረቀ። በ1840 እሳት ተነሥቶ ውስጡን በላው፤ የቆሙት የውጭ ግድግዳዎቹ ብቻ ነበሩ። ምእመናኑ በዚያው ግድግዳ ውስጥ መልሰው ሠሩት።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሃይንሪሽ ሻይብ የተባለው መጋቢ ነው። በ1835 መጥቶ ስድሳ ዓመት ያህል አገለገለ። በመጣ በዓመቱ ትምህርት ቤት ከፈተ። እዚያ ልጆች ጀርመንኛም እንግሊዝኛም ይማሩ ነበር። በእኔ አስተያየት ቋንቋውን ያቆየው ከእሑዱ ስብከት ይልቅ ይህ ትምህርት ቤት ነው። እኛ ልጆቻችንን ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ብቻ «ሀ ሁ» እያስቆጠርን ብዙ እንጠብቃለን። የሻይብ ተማሪዎች ግን ሒሳቡንም ጨዋታውንም ከቋንቋው ጋር ነበር የሚኖሩት።

ከ1868 ጀምሮ ደግሞ ከብሬመን የሚነሡ መርከቦች ቀጥታ ወደ ባልቲሞር ይመጡ ስለነበር አዲስ ጀርመንኛ ተናጋሪ አልጠፋም።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አሜሪካ ከጀርመን ጋር ስትዋጋ ጀርመንኛ መናገር የሚያሳፍር፣ አንዳንዴም የሚያስፈራ ነገር ሆነ። በ1918 በባልቲሞር «ጀርመን ስትሪት» የተባለው ጎዳና ስሙ ተለውጦ «ሬድዉድ ስትሪት» ተባለ። ጆርጅ ሬድዉድ ፈረንሳይ ውስጥ የተገደለ የባልቲሞር መኮንን ነው። የሚገርመው፣ ሰውየው ራሱ ጀርመንኛ አዋቂ ነበር!

በአገሪቱ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ዘመን ጀርመንኛን ተዉ። ጽዮን አልተወም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ አገልግሎት ጎን ለጎን ቆመ፤ አያት በአንዱ፣ የልጅ ልጅ በሌላው መጸለይ ቻሉ። የጀርመንኛው አገልግሎት እስከ 21ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል።

ከቋንቋው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ምግቡን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በኮምጣጤ ለቀናት ተዘፍዝፎ የሚበስል የበሬ ሥጋ በማቅረብ ይታወቃል፤ ጀርመን ዘር የሌለው የከተማው ሰው ሁሉ ይበላዋል። ጀርመኖች «ሳወርብራተን» ይሉታል። ባልቲሞር ውስጥ ግን «ሳወር ቢፍ» ነው የሚባለው፤ ምግቡ ቀረ፣ ስሙ እንግሊዝኛ ሆነ።