ስለ ሕፃናት መጫወቻ የአትክልት ሥፍራ

ከተማ በሚሠራበት ጊዜ ለመንገድ፣ ለገበያና ለመሥሪያ ቤት የሚሆነው መሬት አስቀድሞ ይለካል። ለሕፃናት መጫወቻ የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው፤ ከቶ ሳይታሰብ የቀረበትም ከተማ ብዙ ነው። መሬት ያልተለካለት ሕፃን ደግሞ ጨዋታውን አይተውም፤ አውቶሞቢል በሚመላለስበት መንገድ ላይ ይጫወታል እንጂ። ነቢዩ ዘካርያስ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር፣ በአደባባይዋ የሚጫወቱትን ልጆች ከሰላሟ ምልክቶች ጋር መቍጠሩን የሚያስተውል ሰው ነገሩን አቃልሎ አያየውም።

ይህን ሥራ በመልካም ከፈጸሙት ከተሞች አንዷ የሆላንድ አምስተርዳም ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልፎ ሕዝቡ ገና በችግር ላይ ሳለ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ በማዘጋጃ ቤቱ ይሠራ የነበረው ወጣት አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ በቤርተልማን አደባባይ አንድ መጫወቻ ሠራ። በውስጡ ያኖረው ጥቂት ነገር ነበር፤ ይኸውም ሰፊ የሲሚንቶ ከንፈር ያለው የአሸዋ ጕድጓድ፣ ክብ ድንጋዮች፣ ለመገለባበጥ የሚሆን የብረት አግዳሚ፣ ዛፎችና መቀመጫ ነው። ብረቱ የዝሆን ወይም የፈረስ መልክ አልተሰጠውም፤ ሕፃኑ በአሳቡ የፈቀደውን ያደርገዋልና። ሕዝቡም ለየሰፈሩ እንዲሠራለት ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። ባዶ የቀረ መሬት ሁሉ እየተመረጠ እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ተሠሩ።

ከዚህም 4 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ በኮፐንሀገን በኤምድሩፕ ሰፈር ሕፃናት በወዳደቀ እንጨትና ጡብ ራሳቸው ጎጆ የሚሠሩበት ሥፍራ ተከፍቶ ነበር። አሳቡ የአትክልት ሥፍራ ንድፍ ዐዋቂው የሶረንሰን ነው። ይህን የሚሰማ ወላጅ መደንገጡ አይቀርም። ነገር ግን አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕፃኑ አይቶ በኃይሉ መጠን የሚመዝነው ነው፤ ዛፍ መውጣት፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መዝለል ይህን ይመስላል። ይህን ፈጽሞ የሚከለክል ሥፍራ ሕፃኑን ያሰለቸዋል፤ የተሰላቸም ሕፃን ወደ መንገዱ ይመለሳል። ሁለተኛው የተሰወረው ነው፤ እርሱን ማራቅ የትልልቆች ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ በብዙ ግቢ የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ዝንጕርጕርና ለዓይን የሚያምር ስለ ሆነ ሕፃን ያነሣዋል፤ ታኝኮ ቢዋጥ ግን ሊገድል ይችላል። አስተናግርም እንዲሁ መርዝ ነው። የቅንጭብ ወተት ዓይን ቢገባ ከባድ ሕመም ያመጣልና፣ የትምህርት ቤትን ወይም የቤተ ክርስቲያንን ግቢ በቅንጭብ ማጠር ወጪው ቢያንስም ልጆች በሚውሉበት በኩል ሊቀር ይገባዋል። ውሃ የተቋጠረበት ገንዳ ጥልቀቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢሆንም እንኳ ገና የሚድኸውን ሕፃን ያሰጥማል። ከመወዛወዣ በታች ሲሚንቶ ወይም የተደለደለ አፈር መሆን የለበትም፤ ከስንዝር የጠለቀ አሸዋ ይነስነስበት። አሸዋውንም ድመትና ውሻ እንዳያረክሱት ማታ ማታ መሸፈን፣ በየጊዜውም መለወጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ደመወዙ በበጀት የተያዘለት አንድ አትክልተኛ ይበቃል።