አምስት፣ ሐሙስ፣ ከሚሳ

ከሚሴ ገበያ ውስጥ ሎሚ የሚገዛ ሰው በአማርኛ «አምስት» ሲል፣ ሻጯ በኦሮምኛ «ሸን» ብላ ልትቆጥርለት ትችላለች። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። ለቀጠሮ ቀን ሲቆርጡ ግን አንዱ «ሐሙስ» ሌላዋ «ከሚሳ» ቢሉ፣ አሁን ያወጧቸው ቃላት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ቁጥሩ ለየብቻ ሆኖ ቀኑ እንዴት ተዛመደ?

ሥሩ ሦስት ተነባቢዎች አሉት፦ ኀ፣ መ፣ ሰ። በግዕዝ «ኀምስ»፣ በትግርኛ «ሓሙሽተ»፣ በዓረብኛ «ኸምሳ»፣ በዕብራይስጥ «ሐሜሽ» ይባላል። ከ4000 ዓመታት በፊት በሸክላ ጽላት ላይ ይጻፍ የነበረው አካድኛም አምስትን በዚሁ ሥር ይጠራ ነበር። አማርኛ በበኩሉ የጉሮሮ ድምፆችን እየጣለ ስለመጣ ከፊት ያለችው «ኀ» ሟሙታ «አምስት» ቀረ። በከሚሴ አቅራቢያ ባለችው የሾንኬ መንደር የሚነገረው አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም እንዲህ ዓይነቱን ድምፅ በብዙ ቃላት ጠብቋል፤ እኛ «አንድ» የምንለውን እሱ «ሀንድ» ይላል።

መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። በግዕዝ ለወንድ ሲቆጠር «ኀምስቱ ዕደው»፣ ለሴት ሲቆጠር «ኀምስ አንስት» ይባላል። በሌላ ስም ላይ ሴትነትን የምታመለክተው «ት» በቁጥር ላይ ከወንዱ ጋር ትውላለች። ይህ ተገላቢጦሽ የሴማውያን ቋንቋዎች የቆየ ጠባይ ነው፤ ጽሑፋዊው ዓረብኛ ዛሬም አልተወውም። አማርኛ ልዩነቱን ትቶ «ት»ን ለሁሉም አስቀረ፦ አምስት ወንዶች፣ አምስት ሴቶች። ከዚያ «አምስተኛ»፣ «አምስቱ»፣ «አምስት አምስት» እያለ በራሱ ሰዋስው ያረባዋል።

የሥሩ ሌሎች ልጆች ግን በግዕዝ መልካቸው አብረውን ይኖራሉ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ «ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ» ብሎ «ኃምስ» ላይ ይደርሳል፤ ትርጉሙ አምስተኛ ነው። «ሃምሳ» ውስጥም «ሃ» አለች፤ የወታደሩ ማዕረግ «ሃምሳ አለቃ» የሚጀምረው በእሷ ነው። «ሐሙስ»ም እንዲሁ ድምፁን ይዞ ቆይቷል። ዕለት ዕለት በየአፉ የሚፈጨው «አምስት» ሲሸራረፍ፣ በቤተ ክህነት የሚጠራው የቀን ስም ሳይነካ ተሻገረ።

ሐሙስ አምስተኛ የሚሆነው ከእሑድ ሲቆጠር ነው። እሑድ አንድ፣ ሰኞ በግዕዝ «ሰኑይ» ማለትም ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ። ሦስተኛውን ቀን ትግርኛ «ሠሉስ» ብሎ ይጠራዋል፤ አማርኛ ግን ቁጥሩን ትቶ «ማክሰኞ»፣ የሰኞ ማግሥት፣ አለው። ከሰኞ የሚጀምሩት ሩሲያውያን በፊናቸው «ፒያት» ከሚለው አምስታቸው «ፒያትኒጻ»ን አውጥተው ዓርብን ይጠሩበታል። ስዋሂሊ ደግሞ ሁለት አምስተኛ ቀን አለው። «ጁማታኖ» ከቅዳሜ ሲቆጠር አምስተኛ ሲሆን ረቡዕ ላይ ይውላል፤ ማግሥቱ «አልሐሚሲ» ከዓረብኛ የመጣ አምስተኛ ነው።

ኦሮምኛ ኩሻዊ ቋንቋ ነው። አምስቱ «ሸን» ከሶማልኛው «ሸን» ጋር አንድ ነው፤ ሃምሳ «ሸንተመ»፣ አምስተኛ «ሸነፋ» ይሆናል። ቁጥሩም ከስሙ ኋላ ይመጣል፦ አምስት ሰው «ነመ ሸን» ነው። ከሳምንቱ ቀናት ስሞች ግን አንዳንዶቹ ከውጭ የገቡ ናቸው። «ጅማታ» የዓረብኛው ጁምዓ ነው፣ «ሰንበታ» ከሰንበት ጋር ይገጥማል፣ «ከሚሳ» ደግሞ «ኸሚስ» ነው። ኦሮምኛ የዓረብኛውን «ኸ» በ«ከ» ተክቶ ለራሱ አፍ አመቻቸው።

የከሚሴ ከተማ ስም ከዚህ ቃል የሚለየው በመጨረሻው አናባቢ ብቻ ነው፤ ከሚሳ በራብዕ፣ ከሚሴ በኃምስ ይጻፋሉ። ቀኑን ከገበያ ጋር ማያያዝ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ ከሚሴ ባለችበት ዞን ሰንበቴ ትልቁን ገበያዋን የምታውለው እሑድ ነው፣ ባቲ ሰኞ። ይሁንና የቦታ ስም በድምፅ መመሳሰል ብቻ አይፈረድበትም፤ የድሮ ሰነድና የአገር ሽማግሌ ምስክርነት ይጠይቃል።

ለቃሉ ግን መልሱ ግልጽ ነው። ልጅ አምስትን የሚማረው ከእናቱ ጣት ላይ ነው፤ ሐሙስን ግን ከጎረቤት ጋር ለመገበያየትና አብሮ ለመጸለይ ይፈልገዋል። ጣቱን ለመቁጠር ማንንም ማስማማት የለበትም፤ ገበያ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ካልተስማማ አይቆምም። ስለዚህ ከሚሴ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ በ«አምስት» እና በ«ሸን» የየራሳቸውን ትውልድ ሲናገሩ፣ በ«ሐሙስ» እና በ«ከሚሳ» አብሮ መኖራቸውን ይመሰክራሉ።