የከባድ ሞተር ሳይክል ሞላና ሾክ፦ ከአስፋልት እስከ ዘጌ ጠጠር

ክሩዘር የሚባለው የሞተር ሳይክል ዓይነት ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ ሻንሲው የረዘመ፣ ክብደቱም የበዛ ነው። እነዚህ ጠባዮች አስፋልት ላይ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ጠጠር ላይ ግን ይጣላሉ። ኮርቻው ዝቅ እንዲል የኋላው ጎማ ወደ ላይ የሚሸሽበት ቦታ ማጠር አለበት። ሮድ ኪንግ የተባለው ሃርሊ ዴቪድሰን ለመንገድ ሲዘጋጅ ከ370 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የኋላ ሞላው ጉዞ ግን 76 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የፊቱ 117። በኢትዮጵያ መንገዶች በብዛት የሚታየው ባጃጅ ቦክሰር ክብደቱ የዚያ ሲሶ ያህል ሆኖ ሳለ ፊት ወደ 125፣ ኋላ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ከባዱ ሞተር፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይበልጥ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ፣ የተሰጠው ጠባቡ ነው። ስለ ክሩዘር ሞላ ማሻሻያ የሚነገረው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ጉድለት ነው።

ጉድለቱ በግልጽ የሚወጣበት ዓይነት መንገድ በጣና ዳር አለ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር በየብስ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሬ የማይጠመድበት፣ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅልበት ዘጌ ለዘመናት ከከተማው ጋር የሚገናኘው በዋናነት በሐይቁ ላይ ነበር፤ በደንገል ታንኳ፣ ኋላም በሞተር ጀልባ። የየብሱ መንገድ ለረጅም ዓመታት ጠጠር ሆኖ የኖረ ነው። በጋ ላይ ጠጠር በተሽከርካሪ ብዛት እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ይበዛዋል። ሁለቱ ችግሮች አንድ መድኃኒት የላቸውም።

ጉድጓዱ አንድ ከባድ ምት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ጉድጓድ በ0.03 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያልፈዋል። በዚህች ቅጽበት ጎማው ወርዶ፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ መውጣት አለበት። ቦታ ካጣ ሞላው እስከ መጨረሻው ይጨመቅና ምቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲውና ወደ ነጂው ወገብ ያልፋል። ሽብሽቡ ጠጠር ደግሞ ትንንሽ ምቶችን ያከታትላል። በሽብሽቦቹ መካከል 70 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ በዚያው ፍጥነት ጎማው በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል ይመታል። እዚህ ላይ የሚፈተነው የሞላው ርዝመት ሳይሆን ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው።

ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አብረው ስለሚታሰሩ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ሞላው ምቱን ይቀበልና ያከማቻል፤ ያከማቸውንም መልሶ ይሰጣል። ብቻውን ቢተው ሞተሩ ከአንድ ጉብታ በኋላ ደጋግሞ ይዘል ነበር። ሾኩ ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ያንን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ከረጅም የሽብሽብ መንገድ በኋላ የኋላው ሾክ ለእጅ የሚፋጀው ለዚህ ነው። ዘይቱ ሲግልና ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ሲያወጣ ቀዳዳው መገደቡን ያቆማል፤ ሞተሩም መዋኘት ይጀምራል። የተሻሉት ሾኮች ውስጥ ናይትሮጅን በግፊት ተሞልቶ የሚገኘውም አረፋውን ለመከላከል ነው።

የክሩዘር ታሪክ ራሱ የሞላ ታሪክ ነው ቢባል ብዙም አያስዋሽም። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ በ1935 እ.ኤ.አ. በዘይት የሚገታ፣ ቱቦ በቱቦ ውስጥ የሚገባ የፊት ሹካ ለገበያ አቀረበ። ሃርሊ ወደዚያ የገባው በ1949 ነው፤ የኋላ ሞላ እስኪጨምር ደግሞ 1958 ደረሰ። ከዚያ በፊት የኋላው ጎማ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ይታሰር ስለነበር ነጂውን ከምት የሚያድነው ከኮርቻው ሥር ያለው ሞላ ነበር። በ1984 የወጣው ሶፍቴይል የዚያን ዘመን መልክ ለመመለስ ሾኮቹን ከካምቢዮው ሥር ደበቃቸው። ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን ለመልክ ሲባል የኋላ ጉዞው እንደገና ተሰዋ። በ2018 ሞዴል ከኮርቻው ሥር የገባ አንድ ሾክ ተተካበት።

ማሻሻያ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሜትር ነው፤ ዕቃ መግዛቱ ኋላ የሚመጣ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ጎማው በነፃ ሲንጠለጠል አንድ ጊዜ፣ ነጂው ከነልብሱና ከነጓዙ ሲቀመጥበት ሌላ ጊዜ ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ሞላው በክብደቱ የሚሰምጥበት ልክ ነው። ለመንገድ ሞተር ከጠቅላላ ጉዞው ሲሶ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ከበዛ ለጉድጓዱ የቀረ ቦታ የለም፤ በጣም ካነሰ ደግሞ ጎማው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ መሬቱን መከተል ያቅተዋል።

አንድ ስሌት ነገሩን ያሳያል። ነጂው ሲቀመጥበት ፊት ላይ የሚያርፈው ክብደት ጎማውን ሳይጨምር 125 ኪሎ ነው እንበል። በሁለቱ የሹካ እግሮች ያሉት ሞላዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 0.9 ኪሎ ቢጠይቁ፣ ለሁለቱ 1.8 ይሆናል። 125 ለ1.8 ሲካፈል 69 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሞላው ሲገጠም አስቀድሞ 30 ሚሊ ሜትር ተጨምቆ ከሆነ የሚሰምጠው 39 ነው፤ የ117 ልክ ሲሶ። ሞላውን በ10 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ማጥበቅ የሞተሩን ፊት በ10 ሚሊ ሜትር ያነሣዋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። ብዙ ሞተረኞች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ዳዶውን አጥብቀው ሞተሩ ከፍ ሲል ሞላው የጠነከረ ይመስላቸዋል። ሞላው ለክብደቱ የሚደክም ከሆነ መፍትሔው በወፍራም ሽቦ የተሠራ ሌላ ሞላ ነው።

የፊት ሹካ ማሻሻያ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በርካሽ የተሠራ ሹካ ዘይቱን የሚያሳልፈው መጠኑ በማይለወጥ ቀዳዳ ነው። በዝግታ ሲጫኑት ዘይቱ ያለ ችግር ያልፋል፤ በድንገት ሲመታ ግን ተቃውሞው ከፍጥነቱ በላይ እየናረ ሄዶ ሹካው እንደ ደረቅ ብረት ይሆናል። ስለዚህ ያው ሹካ ፍሬን ሲያዝ ይሰግዳል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይደነድናል። ወፍራም ዘይት መጨመር የመጀመሪያውን ያስተካክልና ሁለተኛውን ያባብሳል። እውነተኛው መድኃኒት በምት ጊዜ ራሱን የሚከፍት ቫልቭ ማስገባት ነው፤ ሹካው ሳይቀየር ውስጡ ብቻ ይለወጣል። ለዘጌ ዓይነት መንገድ ገንዘብ የሚገባው ሥራ ይህ ነው፤ ከውጭ ስለማይታይ ብቻ ይዘለላል። የሞተር ዘይት ሹካ ውስጥ መጨመር ግን ተገቢ አይደለም፤ ለሌላ ሥራ የተቀመመ ነው፣ ሲበርድና ሲግልም ጠባዩ ይለያያል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗም በሹካው ላይ አሻራ አለው። በወደብ አካባቢ፣ በባሕር ወለል ልክ የታሸገ ሹካ በውስጡ ያንን አየር ይዞ ይመጣል። ደጋው ላይ የውጩ አየር ግፊት ስለሚቀንስ ውስጡ በ0.2 ባር ያህል ይበልጠዋል። ትንሽ ቢመስልም ሹካውን ያደርቀዋል፣ የዘይት መያዣውን ጎሚኒም ይገፋል። የፊቱ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ከላይ ያለው ብሎን ሲላላ፣ ፍሽ ብሎ የሚወጣው ያ የቆላ አየር ነው። ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ጎሚኒው ራሱ በአቧራ አገር ቶሎ ይጎዳል። በሚያብለጨልጨው ቱቦ ላይ ጣት ሲሮጥ ጥቁር ቅባት ከያዘ ዘይት ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። ሁልጊዜ መቀየር አያስፈልገውም። ከጠርዙ ሥር የገባ አንድ የአሸዋ ፍሬ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከአሮጌ ራጅ ፊልም በስሱ የተቆረጠ ቁራጭ ወደ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ሲሽከረከር ፍሬውን ይዞት ይወጣል። ቱቦው ከተጫረ ግን አዲስ ጎሚኒም አያድነውም።

ከኋላ ትልቁ ጥያቄ ርዝመት ነው። ክሩዘርን ይበልጥ ዝቅ ለማድረግ አጭር ሾክ የሚገጥሙ አሉ። ከ76 ሚሊ ሜትር ላይ ሌላ 20 ቀንሶ ጠጠር ላይ መውጣት በገዛ ገንዘብ ወገብ ማሰበር ነው። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ለነጂው ክብደት የተመረጠ ሞላ ያለውና መመለሻው፣ ማለትም ከተጨመቀ በኋላ የሚነሣበት ፍጥነት፣ ለብቻው የሚስተካከል ሾክ የተሻለ ምርጫ ነው። የዚህ ዋጋው ኮርቻው ከፍ ማለቱ ነው፤ እግሩ ለሚያጥር ሰው 370 ኪሎ ጭቃ ላይ መያዝ ቀላል አይደለም። ኋላው ሲነሣ የፊት ሹካው ቀጥ ስለሚል መሪው ይፈጥናል፣ በከፍተኛ ፍጥነት ግን መረጋጋቱ ይቀንሳል። የመመለሻው መጠን በእጅ ይፈተሻል፦ ኮርቻው ወደ ታች ተጭኖ ሲለቀቅ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ማረፍ አለበት። ከዚያ በላይ ከዘለለ መመለሻው ላልቷል። እየተጎተተ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ሽብሽብ ጠጠር ላይ ከአንዱ ምት ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ በጥቂት ሜትር ውስጥ ሞተሩ ወደ ታች ተጨምቆ ይቀራል።

ለቦክሰርም ሕጉ አይለወጥም። 60 ኪሎ ቡና በጆንያ ኋላ ላይ ሲታሰር የቀላሉ ሞተር ጭነት ከክሩዘሩ ይልቅ በሦስት እጥፍ ይዛባል፤ ክብደቱ ከራሱ ክብደት ግማሽ ያህል ነውና። የኋላ ሾኮቹ ላይ ያለው ባለ ደረጃ ቀለበት ለዚህ ተሠራ፤ ሲጫን ወደ ላይኛው ደረጃ፣ ሲራገፍ ወደ ታችኛው በመንጠቆ ቁልፍ ይዞራል። ብዙዎቹ ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ዝገው የቀሩ ናቸው። በሞላው ጥምጥም መካከል የጎማ ቁራጭ መሸጎጥ የተለመደ ብልሃት ነው፤ ሞተሩን ያነሣዋል፣ የሞላውን ጉዞ ግን ይበላዋል፣ ክብደቱም ባልተሸጎጡት ጥምጥሞች ላይ ይከማቻል።

አዲስ ሞላና ሾክ ከመገጠሙ በፊት የመሪው ኩሽኔታና የኋላ ክንዱ መዞሪያ መፈተሽ አለባቸው፤ የላላ ኩሽኔታ የሚያመጣውን መወዛወዝ ውድ ሾክ አያስቀረውም። የጎማ አየርም እንዲሁ። ከተገጠመ በኋላ ጎማው እስከ ላይ ሲወጣ ፓራፋንጎውን አለመንካቱ፣ የፍሬን ቱቦው እስከ ታች ሲወርድ አለመወጠሩ ይታያል። የሾክ ርዝመት ሲለወጥ የካቴናው ወይም የቺንጊያው ውጥረት እንደገና ይለካል፤ የማቆሚያ እግሩም ሞተሩን ከቀድሞው ይበልጥ ሊያጋድለው ይችላል። ኋላው ከፍ ሲል የፊት መብራቱ ወደ መሬት ስለሚያዘነብል፣ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ነጂው ተቀምጦበት እንደገና ይስተካከላል።